ሪቻርድ ሬቲ፤ በአራት ጠጠር ሊቃውንትን ያስቸገረው ሰው

በዚህ ዓለም ሰውን የሚያስቸግረው ነገር ሁሉ ትልቅና ውስብስብ ብቻ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ትንሽ ሆኖ፣ ከዓይን ሥር ተቀምጦ፣ የተሸሸገ ነገር ሳይኖርበት ዐዋቂውን ሁሉ ግራ የሚያጋባ ነገር ይገኛል። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንደሚባለው ሁሉ፣ የሰው ልጅ ከእጁ አጠገብ ያለውን ነገር ንቆ ሩቅ ሩቁን ሲያማትር መኖሩ የታወቀ ነው። ይህን የሰው ጠባይ በሰንጠረዥ ገበታ ላይ በአራት ጠጠሮች ብቻ ገልጦ ያሳየውን የሪቻርድ ሬቲን የሕይወት ታሪክ በዛሬው ጽሑፋችን ለውድ አንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደናል።

ሰንጠረዥ ለአገራችን ሰው እንግዳ ጨዋታ አይደለም። ነገሥታቱና መኳንንቱ ሲጫወቱት ኖረዋል፤ በጥንቱ ባህላችን መጀመሪያ አንዱ የአንዱን ጠጠር እስኪወስድ ድረስ ሁለቱም ወገን ተራ ሳይጠብቁ እንደ ልባቸው ያንቀሳቅሱ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። እኛ ዛሬ የምንናገርለት ግን ቼዝ የሚባለው የአውሮፓው ሰንጠረዥ ነው። በዚህኛው ጨዋታ ከመጀመሪያው እርምጃ አንሥቶ ተራ ይጠበቃል፤ ከጠጠሮቹም ሁሉ ኀይለኛዋ ንግሥቲቱ ናት። በጽሑፋችን ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ትውልዱና ትምህርቱ

ሪቻርድ ሬቲ የተወለደው በግንቦት 28 ቀን 1889 ፔዚኖክ በምትባል ከተማ ነው። ይህች ከተማ በዚያን ጊዜ በኦስትሪያና በሀንጋሪ መንግሥት ግዛት ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ በስሎቫኪያ አገር ትገኛለች። አባቱ ለኦስትሪያ ጦር ሠራዊት የሚያገለግል ሐኪም ነበረ። ታላቅ ወንድሙ ሩዶልፍ የሙዚቃ ሰው ሆኖ በፒያኖ ተጫዋችነትና በሙዚቃ ደራሲነት ስሙ ታውቋል። ታናሹ ሪቻርድ ግን ልቡ ወደ ቍጥር ስላዘነበለ በቪየና ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርት ይከታተል ጀመር።

ቪየና በዚያን ዘመን የሊቃውንትና የጠቢባን መናኸሪያ ነበረች። በቡና ቤቶቿ ውስጥ ሰዎች ቡናቸውን እየጠጡ ጋዜጣ ያነባሉ፣ በፖለቲካ ይከራከራሉ፣ ሰንጠረዥም ይጫወታሉ። ወጣቱ ተማሪ ከመምህራኑ ፊት የሚቀመጥበት ሰዓት እያነሰ፣ ከሰንጠረዡ ገበታ ፊት የሚቀመጥበት ሰዓት እየበዛ ሄደ። በመጨረሻም ሒሳቡን ትቶ ኑሮውን በጨዋታውና ስለ ጨዋታው በሚጽፈው ጽሑፍ ላይ መሠረተ።

ይህ አሳብ ሞኝነት የሚያስመስለው ነገር ነበረበት። ሬቲ በ1908 በቪየና ከተማ በተደረገው ታላቅ ውድድር ገብቶ ሲጫወት አንድም ጊዜ ሳያሸንፍ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ መጨረሻ ሆነ። ገና 18 ዓመቱ ነበረ። ሌላ ሰው ቢሆን ጠጠሩን ሰብስቦ ወደ ሒሳብ መጽሐፉ በተመለሰ ነበር። እርሱ ግን የተሸነፈባቸውን ጨዋታዎች እንደገና መመርመርን መረጠ።

ሁሉም የሚያየው ድንቅ

ከሁለት ዓመት በኋላ በ1910 በዚያችው በቪየና ሬቲ ታርታኮቨር ከሚባል ዝነኛ ተጫዋች ጋር በገበታ ተገናኘ። ጨዋታው የተፈጸመው በ11ኛው እርምጃ ነው። ሬቲ ንግሥቲቱን አንሥቶ ከጠላት ንጉሥ አጠገብ አስቀመጣት። ንጉሡም ወሰዳት፤ መውሰድ ግዴታው ነበረ። በዚህ ጊዜ ሬቲ በሰያፍ የሚሄደውን ጳጳሱን ሲያነሣው ከበስተኋላው የነበረው ግንብ ተገለጠ፤ የጠላት ንጉሥ በአንድ ጊዜ ከሁለት አቅጣጫ ተመታ። ንጉሡ ወዲያ ቢሸሽ በግንቡ፣ ወዲህ ቢሸሽ በጳጳሱ ማት ይሆናል። በሦስት እርምጃ ነገሩ አለቀ።

ይህ ጨዋታ እስከ ዛሬ ድረስ ለጀማሪዎች በሚታተሙ የእንቆቅልሽ መጻሕፍት ውስጥ እየተደጋገመ ይገኛል። ዕንቁ የሚመስል ድንቅ ነገር ነውና ሁሉም ያደንቀዋል። ነገር ግን አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውልልን እንወዳለን። ይህ እንቆቅልሽ ቢያስደንቅም ጥቂት ጨዋታ ለሚያውቅ ሰው እጅግ ከባድ አይደለም። ምክንያቱም እርምጃዎቹ ሁሉ ይጮኻሉ። ንግሥቲቱ ንጉሡን ትመታለች፤ ጳጳሱም ይመታል። ጠላት በየጊዜው የሚመልሰው አንድ ወይም ሁለት መልስ ብቻ ነው። ፈላጊው ሰው ከመጀመሪያው በር ከገባ የቀረው መንገድ እየመራ ይወስደዋል። እውነተኛው ችግር ያለው በማይጮኸው እርምጃ ላይ ነው፤ ይህንንም ለዓለም ያሳየው ራሱ ሬቲ ነው።

አዲሱ ትምህርት

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ ትልቁ የኦስትሪያና የሀንጋሪ መንግሥት ፈረሰ። ሬቲም የአዲሲቱ የቼኮስሎቫኪያ ዜጋ ሆነ። አሮጌው ሥርዐት በወደቀበት በዚያ ዘመን እርሱና ጥቂት ጓደኞቹ በሰንጠረዥ ላይም አዲስ ትምህርት አነሡ። የቀድሞዎቹ መምህራን የገበታውን መካከል በወታደሮች መያዝ የማይሻር ሕግ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ሬቲ ግን መካከሉን ጠላት ይያዘው፣ እኛ ከሩቅ ሆነን በጳጳሳትና በፈረሶች እንቈጣጠረው፤ ከዚያ በኋላ የያዘው ራሱ ሸክም ይሆንበታል የሚል አሳብ ነበረው።

በ1918 በካሻው፣ በ1920 በስዊድን አገር በጎተንበርግ አንደኛ ወጣ፤ በ1922 በቴፕሊትዝ ከሽፒልማን ጋር የአንደኝነቱን ደረጃ ተካፈለ። በዚያው በ1922 አዲሶቹን የሰንጠረዥ አሳቦች የሚተረጕም መጽሐፍ አሳተመ። ከ14 ዓመት በፊት መጨረሻ የወጣው ልጅ አሁን የሌሎች መምህር ሆነ።

የ1921 ጥያቄ

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ። ሬቲ ከውድድሩ ሌላ ለብቻ የሚፈቱ የሰንጠረዥ ጥያቄዎች መድረስ ይወድ ነበር። በ1921 ያወጣው ጥያቄ አራት ጠጠር ብቻ አለበት፤ ሁለት ንጉሥና ሁለት ወታደር። ገበታ ያለው አንባቢ ጠጠሮቹን ደርድሮ ቢከተለን ደስ ይለናል።

ገበታውን ከነጭ ወገን ተቀምጠን እንየው። ነጩ ንጉሥ በላይ በቀኝ በኩል በመጨረሻዋ ጥግ ላይ ቆሟል። በዚያው ዐምድ ከርሱ በታች በሦስተኛው ክፍል ላይ ጥቁር ወታደር አለ፤ ወደ ታች አራት እርምጃ ከሄደ ንግሥት ይሆናል። በግራ በኩል ደግሞ ጥቁሩ ንጉሥ በመጨረሻው ዐምድ ላይ፣ ከላይ ሲቈጠር በሦስተኛው ረድፍ ቆሟል። ነጩ ወታደር በዚያው ረድፍ ላይ አንድ ክፍል ብቻ በመካከላቸው ትቶ ይገኛል፤ ወደ ላይ ሁለት እርምጃ ከሄደ እርሱም ንግሥት ይሆናል። ተራው የነጭ ነው። የሚጠየቀውም ነጭ እንዴት አድርጎ ከመሸነፍ ይድናል፣ እንዴትስ እኩል ለእኩል ይለያያል የሚል ነው።

አንድ ሰው ይህን ሲያይ መጀመሪያ የሚያደርገው እርምጃ መቍጠር ነው። ነጩ ንጉሥ ጥቁሩን ወታደር ላባርር ቢል ሁለት እርምጃ ይጐድለዋል፤ አይደርስበትም። የራሴን ወታደር ልርዳ ቢልም ጥቁሩ ንጉሥ በሁለት እርምጃ ወታደሩን ይወስድበታል፤ እዚያም አይደርስም። ሁለቱም በር የተዘጋ ይመስላል። ብዙ ዐዋቂዎች እዚህ ላይ ደርሰው ጥያቄው ስሕተት አለበት፤ ነጭ መዳኛ የለውም ብለው ቢተዉት የሚያስገርም አይደለም።

መልሱ ግን ይህ ነው። ነጩ ንጉሥ በቀጥታ ወደ ታች አይሄድም፤ በቀጥታ ወደ ጎንም አይሄድም። በሰያፍ ወደ ገበታው መካከል ይወርዳል። አንድ እርምጃ በሰያፍ፤ ጥቁሩ ወታደር ይሮጣል። ሁለተኛ እርምጃ በሰያፍ። አሁን ጥቁሩ አንድ ነገር መምረጥ አለበት። ወታደሩን ማስሮጡን ቢቀጥል ነጩ ንጉሥ ወደ ራሱ ወታደር ይጠጋል፤ ሁለቱም ወታደሮች ንግሥት ይሆናሉ፤ ነገሩም እኩል ይሆናል። ጥቁሩ ይህን ፈርቶ ንጉሡን ወደ ነጩ ወታደር ቢያስጠጋ፣ ነጩ ሦስተኛውን እርምጃ እንደገና በሰያፍ ይወርዳል። ጥቁሩ ያን ጊዜ ወታደሩን ቢወስድ በዚህ ሥራ ሁለት እርምጃ አጠፋ ማለት ነው፤ ለነጩ ንጉሥ የጐደሉትም እነዚያው ሁለት እርምጃዎች ነበሩ። ንጉሡ ወደ ቀኝ ዞሮ የሚሮጠውን ወታደር ይይዘዋል። አልወስድም ብሎ ወታደሩን ቢያስሮጥ ደግሞ ነጩ ወደ ግራ ዞሮ የራሱን ያድነዋል።

ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የሚያባርር አንዱንም አይዝም ይባላል። በዚህ ገበታ ላይ ግን ሁለቱን ባንድ ጊዜ ያባረረ ብቻ ነው የዳነው።

ስለ ምን አስቸገረ?

የዚህ ነገር ምሥጢር ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ በዓይናችን ልማድ ላይ ይገኛል። በሜዳ ላይ ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላው ለመድረስ ቀጥታው መንገድ አጭር ነው፤ የሚዞር ሰው ይዘገያል። በሰንጠረዥ ገበታ ላይ ግን ንጉሥ በሰያፍ ሲሄድ አንድ እርምጃ ነው፤ በቀጥታ ሲሄድም አንድ እርምጃ ነው። በጥያቄው ላይ ነጩ ንጉሥ ከጥጉ ተነሥቶ በዚያው ዐምድ ወደ ታች ስድስተኛው ክፍል ላይ ለመድረስ ቀጥ ብሎ ቢሄድ 6 እርምጃ ይፈጅበታል። ሦስት እርምጃ በሰያፍ ወደ መካከል ገብቶ ሦስት እርምጃ በሰያፍ ወደ ቀኝ ቢመለስም ያው 6 ነው። ይህን ማንም ጀማሪ ያውቃል። ቢያውቅም ጥያቄው ፊት ሲቀመጥ በእግሩ የሄደባቸው መንገዶች ሁሉ ያስቱታል።

ሬቲ የሒሳብ ተማሪ የነበረ መሆኑ በከንቱ አልቀረም ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲውን ቢተወውም ቍጥሩ አልተወውም።

ከዚህም ሌላ ምክንያት አለ። ሰው እንቆቅልሽ ሲሰጡት መጀመሪያ የሚፈልገው የሚመታ ወይም የሚወስድ እርምጃ ነው። እነዚያ ጥቂቶች ስለ ሆኑ ቶሎ ይቈጠራሉ። ጸጥ ያለው እርምጃ ግን ከብዙዎቹ መካከል ተደብቆ ይኖራል። አንድ እርምጃ ሁለት ሥራ ሲሠራ ደግሞ ይብስ ይሠወራል፤ ለእያንዳንዱ ሥራ ለብቻው ሲመዝኑት አይበቃምና። ለዚህ ነው ረጅሙ እንቆቅልሽ ሁሉ ከባድ፣ አጭሩም ሁሉ ቀላል የማይሆነው። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚጫወቱ ሰዎች የእንቆቅልሹን ክብደት የሚለኩት በእርምጃው ብዛት ሳይሆን ስንት ሰው እንደ ሳተው በመቍጠር ነው።

ይህንም ነገር ሊቃውንት መርምረውታል። ደ ሆሮት የሚባል የሆላንድ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1946 ባሳተመው ጥናት ታላላቅ ተጫዋቾች ከሌሎቹ የሚበልጡት ብዙ እርምጃ አርቀው በመቍጠር ሳይሆን ዋናውን ነገር ፈጥነው በማየት መሆኑን አመለከተ። በ2008 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ጎን ገለጠ። ተመራማሪዎቹ በአምስት እርምጃ የሚያልቅ የታወቀ ማትና በሦስት እርምጃ የሚያልቅ ያልተለመደ ማት ባንድ ገበታ ላይ አድርገው ለጐበዞች ሰጧቸው። ጐበዞቹ የታወቀውን አገኙ። ከዚህ የሚያጥር ፈልጉ ሲባሉም እየፈለግን ነን ይሉ ነበር፤ ዓይናቸው የሚያርፍበት ስፍራ በመሣሪያ ሲታይ ግን ከዚያው ከመጀመሪያው መልስ ክፍሎች ላይ አልተነሣም ነበር። እንግዲህ ዕውቀት ዓይን ይሰጣል፤ ያው ዕውቀት ዓይንን አስሮ የሚይዝበት ጊዜም አለ።

ኒው ዮርክ፣ 1924

ሬቲ ጸጥ ያለውን እርምጃ በጥያቄ ላይ ብቻ አልተወውም። በ1924 በኒው ዮርክ ከተማ 11 ታላላቅ ተጫዋቾች ሲሰበሰቡ እርሱም ተጠራ። በዚያን ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው የኩባው ሰው ካፓብላንካ ነው። ካፓብላንካ ስምንት ዓመት ሙሉ በውድድር አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ስለ ኖረ አይሳሳትም የሚባል ሰው ሆኖ ነበር። ሬቲ በአዲሱ ትምህርቱ ከሩቅ እየተቈጣጠረ ተጫውቶ በ31ኛው እርምጃ እጅ አሰጠው። ወሬው ለሰንጠረዥ ወዳጆች ሁሉ መብረቅ ሆነ።

በዚያው ውድድር ቦጎልዩቦቭን ያሸነፈበት ጨዋታ ስለ ውበቱ አንደኛውን ሽልማት አገኘ። የመጨረሻው እርምጃ ጳጳሱን ወደ ገበታው መጨረሻ ረድፍ አስገብቶ በጠላት ግንብና በጠላት ጳጳስ መካከል ማስቀመጥ ነበር። ይህ እርምጃ ንጉሡን አይመታም፤ ምንም ጠጠር አይወስድም። ግንቡ ጳጳሱን መርዳት እንዳይችል መካከል ላይ መግባት ብቻ ነው። ቦጎልዩቦቭ ጥቂት ተመልክቶ እጁን ሰጠ። በውድድሩ ጠቅላላ ውጤት ሬቲ አምስተኛ ነበረ፤ ሲነገር የኖረው ግን እነዚህ ሁለት ጨዋታዎች ናቸው።

ሬቲ ራሱ ያላየው

የሰውን ታሪክ ስንጽፍ ድሉን ብቻ ብንነግር አንባቢያችንን እናታልላለን። በ1925 በጀርመን አገር በባደን ባደን ሬቲ ከአሌኺን ጋር ተገናኘ። ሁለቱ ተመሳሳይ እርምጃ እየደጋገሙ ወደ እኩልነት ሲያመሩ ሬቲ ለማሸነፍ ስለ ፈለገ ጳጳሱን ወደ ጥግ አግብቶ መደጋገሙን አፈረሰው። ጥቂት ቆይቶ አሌኺን ግንቡን አንሥቶ ወታደር ሊወስደው በሚችል ስፍራ ላይ አኖረው። ሬቲ ፈረሱን አንቀሳቀሰ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ማዕበል ጠራርጎ ወሰደው። ይህ ጨዋታ እስከ ዛሬ ከዓለም ውብ ጨዋታዎች እንደ አንዱ ይቈጠራል።

በኋላ የመረመሩት ሰዎች መዳኛ እንደ ነበረ አገኙ። ጥግ ላይ የነበረውን ጳጳስ በሰያፍ ሁለት ክፍል ብቻ ማንቀሳቀስ ይበቃ ነበር። በአራት ጠጠር ዓለምን ያስተማረው ሰው ሰዓቱ እየሄደ፣ ባላጋራው ፊቱ ተቀምጦ ሳለ የራሱን ትምህርት የሚመስል ትንሽና ጸጥ ያለ እርምጃ አለፈው። በጥያቄ መጽሐፍ ላይ መልስ እንዳለ አስቀድሞ ይነገረናል፤ በኑሮ ግን አሁን ቆም ብለህ ፈልግ ብሎ ትከሻችንን የሚነካን የለም።

በዚያው ዓመት ሬቲ በብራዚል በሳኦ ፓውሎ ከተማ ገበታውን ሳያይ በቃል ብቻ ከ29 ሰዎች ጋር ባንድ ጊዜ ተጫውቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ያዘ። እንደሚተረከው ጨዋታው ሲያልቅ ቦርሳውን ረስቶ ሲሄድ ሰዎች ተከትለው ሰጡት፤ እርሱም አመስግኖ የማስታወስ ችሎታው ደካማ መሆኑን ነገራቸው ይባላል። 29 ገበታ በልቡ የያዘ ሰው አንድ ቦርሳ መያዝ አቃተው።

ፍጻሜው

ሬቲ የሩስያዊው ባለ ቅኔ የጎሮዴትስኪ ልጅ የሆነችውን ሮግኔዳን አግብቶ ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከውድድሩ ጋር ጥያቄ መድረሱንና መጽሐፍ መጻፉን አልተወም። ስለ ታላላቅ የሰንጠረዥ ሊቃውንት የሚናገረውን ትልቅ መጽሐፉን ግን ታትሞ ለማየት አልታደለም። ስካርላቲና በሚባለው ሰውነትን በሚያቀላ የትኩሳት በሽታ ተይዞ በሰኔ 6 ቀን 1929 በፕራግ ከተማ ዐረፈ። 40 ዓመት ከሞላው ገና 9 ቀኑ ነበር። መጽሐፉ በ1930 ወጣ። ወዳጁ ማንድለር የደረሳቸውን ጥያቄዎች ሰብስቦ አሳተመለት።

ዛሬ ኮምፒዩተር የሬቲን የአራት ጠጠር ጥያቄ ዓይን ጨፍኖ እስኪገልጡ ድረስ ይፈታዋል። ለመኪና ሰያፍም ቀጥታም አንድ ነውና፤ በሜዳ ላይ ሄዶ አያውቅም። ጥያቄው ከባድ የሆነው በገበታው ላይ ሳይሆን በእኛ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከ100 ዓመት በኋላም መምህራን ለተማሪዎቻቸው ይደረድሩታል፤ ተማሪዎቹም ራሳቸውን እየነቀነቁ አይቻልም ይላሉ።

እኛም ይህን ታሪክ ስንፈጽም አንባቢዎቻችንን አንድ ነገር እናሳስባለን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በሥራም፣ በትምህርትም፣ በቤትም ሁለቱ በሮች ተዘግተው የታዩን እንደ ሆነ አይቻልም ከማለታችን በፊት በመካከላቸው የሚያልፍ ሰያፍ መንገድ እንዳለ ጥቂት ዝም ብለን እንመልከት። ነጩ ንጉሥ ከጥጉ ሲነሣ ማንም ይድናል ብሎ አልገመተውም ነበር።